ከሲጋራ ፓኮ የወጡ ወፎች

እኔ በሕይወቴ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። የሚያጨስ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥም ደስ አይለኝም። ግን የትምባሆ ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር ትዝ የሚለኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ "ልጄ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሱባዔ ግቢ" አሉኝ። ላስረዳቸው ብል ታሪኩ ረጅም ነው፤ ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሴትዮም ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። "እሺ አባቴ" ብዬ ተሳልሜ ወጣሁ። እዚህ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ልንገራችሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ንፋስ መውጫ መሄዴ ነው። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብዬ እትዬ እታገኝን ልጠይቅ ሄድኩ። እትዬ እታገኝ የአለቃ ውብነህ ልጅ ናት። አለቃ ውብነህ ደግሞ የእናቴ አጎት፣ የአገሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እኔ "አባባ" ነበር የምላቸው። ጥቂት እንደተጫወትን እትዬ እታገኝ ከአልጋዋ ሥር ዝርግ ያለች፣ ዳር ዳሯ የዛገ ቆርቆሮ ስባ አወጣች።

"ታስታውሻታለሽ?" አለችና ክዳኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፈተችው።

ሽታው ወጣ። የደረቀ ቅጠል፣ የዛገ ብረት፣ ከሥሩ ደግሞ ያ የማይለቅ ትምባሆ። ወዲያው መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የምማረው ከሰዓት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ እሸት ይዟል። እናቴ አንድ ጠዋት ፀጉሬን እየሠራች፣ "ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አባባ ጋ ትሄጃለሽ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚሉሽን ታቀብያቸዋለሽ። ብሩሻቸውን እንዳትነኪ። ወሬም እንዳታበዢባቸው" አለችኝ። የመጨረሻው ትእዛዝ የማይፈጸም መሆኑን እሷም ታውቃለች።

የአባባን ግራ ዓይን ሞራ ሸፍኖት ነበር። ቀኙም ቢሆን ትልቅ ትልቁን እንጂ ትንሹን ነገር አይለይም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስማዳንና የእስቴን አድባራት ሲሥሉ ኖረው፣ ክርስትና ለተነሡባት ለእኛዋ ሚካኤል ግን አንዲት ሥዕል አልሠሩም። "የቤት ነገር ይደርሳል እያልኩ" ይላሉ። ዓይናቸው ሲደክም ደነገጡና ስለት ተሳሉ፤ ብርሃናቸው ሳይጠፋ የኖኅን መርከብ ሥለው ለኅዳር ሚካኤል ሊያስገቡ። ስለት ነው እንግዲህ፣ ቀልድ የለበትም። ሥዕሉ ኅዳር ሚካኤል ካልተሰቀለ ስለቱ አልደረሰም፤ ለከርሞ እንዳይሉ ደግሞ ለከርሞ የሚሆን ዓይን አልነበራቸውም። ይህን እትዬ እታገኝ ጓዳ ገብታ እያለቀሰች ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ያኔም ሥራ ፈት አልነበረም።

የመጀመሪያው ጠዋት ስደርስ አባባ በረንዳው ላይ ትልቅ አቡጀዲ በእንጨት ወጥረዋል። መርከቡ፣ ኖኅና ልጆቹ፣ ዝሆኑና አንበሳው ተሥለው አልቀዋል። ከመርከቡ በላይ ያለው ሰማይ ግን ባዶ ነው።

"እጅሽን ታጠቢ" አሉኝ።

"ታጥቤያለሁ አባባ።"

"እንደገና ታጠቢ።"

ዳዊት ሊያስነኩኝ መስሎኝ በሳሙና ታጥቤ ተመለስኩ። ያቺን ቆርቆሮ ከፈቷት። በነጭ ሻሽ የተጠቀለሉ፣ ከመዳፌ ያነሱ ብዙ ትንንሽ ካርዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ወፍ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ዓይኔ አይቶ አያውቅም! የላባው ዳርቻ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ትንሿ ጥፍር እንኳ ቅርንጫፉን ስትጨብጥ ትታያለች። ጀርባቸው ላይ ያገራችን ያልሆነ ጽሑፍ ታትሟል። አንዱን አንሥቼ ሳሸተው ግን ክው አልኩ።

"አባባ! ትምባሆ ትምባሆ ይላል!"

"ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማል" አሉ እየሳቁ። "ከሲጋራ ፓኮ የወጡ ናቸው።"

የኛ አገር ሰው ትምባሆን እንዴት እንደሚያየው ለማታውቁ፦ የሚያጨስ ሰው ቢሞት ቄሱ ለፍትሐት እግራቸው ይከብዳቸዋል ይባላል። ትምባሆ ከመናፍቅ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ሲባል ነው ያደግነው። ታዲያ የአለቃ ውብነህ፣ የዚያ ሁሉ መልአክ ሠዓሊ፣ አልጋ ሥር የሲጋራ ቆርቆሮ! ወይ ጉድ አልኩ በልቤ።

አመጣጡን አጫወቱኝ። በጣልያን ጦርነት ማብቂያ ላይ ታላቅ ወንድማቸው ለአንድ የእንግሊዝ መኮንን በቅሎ ጫኝ ነበሩ። መኮንኑ ፓኮ በከፈተ ቁጥር ከሲጋራዎቹ መሐል አንዲት ካርድ ትወጣለች። አንዳንዶቹ ከአገሩ ይዟቸው የመጣ የቆዩ ናቸው። ሰውየው መንገዱን ሙሉ እየቆመ ካርዱን በፀሐይ ሲያይ፣ የአባባ ወንድም ደግሞ ከኋላው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ሲለያዩ መኮንኑ ቆርቆሮውን ከነወፎቹ ሰጣቸው። እሳቸውም ያኔ ከሰል ይዞ ግድግዳ ሲያበላሽ ለሚውለው ታናሽ ወንድማቸው አመጡለት።

"ግን ለምን ከሲጋራ ጋር ወፍ ይከታሉ?" አልኳቸው።

"አንደኛ፣ ፓኮው እንዳይጨማደድ ይደግፈዋል። ሁለተኛው ግን የነጋዴ ብልጠት ነው። ጀርባዋን እዪ፤ እያንዳንዷ ቁጥር አላት። ስምንትን ያገኘ ሰው ዘጠኝን ይፈልጋል። ዘጠኝን ለማግኘት ሌላ ፓኮ ይገዛል። ልጁ ደግሞ ቤት ሆኖ ይጠብቃል፤ 'አባዬ፣ ዛሬ አላጨስክም እንዴ?' ይለዋል።"

"ልጅ አባቱን አጭስ ይለዋል?!"

"ለወፍ ሲል ይለዋል" አሉ። "ያን የነጋዴ ምክር ተይው። እኔን የሚገርመኝ ሠዓሊው ነው። ሰው አጭሶ ለሚጥለው ነገር ብሎ ይህን ያህል መድከም! የላባውን ጥላ እዪ፤ ዓይኗ ውስጥ ያለችውን የብርሃን ነጥብ እዪ። ስሙን እንኳ አልጻፈም። ጢሱ ጠፋ፣ አጫሹም ሞተ፤ ወፏ ይኸው አለች። ማን እንደሆነ ባላውቅም ጠዋት ጠዋት ነፍሱን ይማር እለዋለሁ።"

እውነታቸውን ነው፤ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ለሟች ዘመድ ሁሉ ከጸለዩ በኋላ "ለዚያም ለወፉ ሰው" ይላሉ።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እኛ ትምህርት ቤት ወንዶቹ ማስቲካ ውስጥ ስለሚገኝ የኳስ ተጫዋች ሥዕል ይቧቀሱ ነበር። ማስቲካውን ለእህታቸው ሰጥተው ሥዕሉን የሚያስቀሩም አሉ። ነጋዴ የትም አገር ያው ነው ማለት ነው። እኔ ግን ከወፎቹ ይበልጥ ያየሁት ከኋላቸው ያለውን አገር ነው። አንዷ ደረቷ ቀይ የሆነች ወፍ መሬት ላይ የተተከለ የአካፋ እጀታ ላይ ቆማለች። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ነው። ዱቄት የፈሰሰበት አገር መሰለኝ። ዱቄቱን አፍሰው፣ አካፋውን ደጅ ጥለው የት ሄዱ? ሴቶቹስ አይቆጡም?

"በረዶ ነው አሉ" አሉ አባባ።

"እና አካፋው?"

"እሱስ ስንፍና ሳይሆን አይቀርም።"

ሥራችን እንዲህ ነበር። እኔ ካርዱን ይዤ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ብሩሽ ይዘው አቡጀዲው ፊት ይቆማሉ። ካርዱ ላይ ያለውን ትንሽ ነገር ማየት ስላቆሙ የማየው እኔ ነኝ፤ የሚሥሉት እሳቸው። ማየት ቀላል ይመስለኝ ነበር።

"ደረቷ ምን ይመስላል?"

"ቀይ ነው አባባ።"

"ቀይ ብሎ ዝም አለ? ምን ዓይነት ቀይ?"

"የበርበሬ።"

"የዘንድሮ በርበሬ ወይስ የከረመ?"

"የከረመ... አይ፣ የከረመ ሆኖ ውኃ የነካው።"

"እሰይ! አሁን አየሽ። ቀዩ የት ላይ ያልቃል?"

"ሆዷ ጋ።"

"እንደ አጥር ነው የሚያልቀው ወይስ እንደ ጭቃ?"

እንዲህ ስንባባል ረፋድ ይሆናል። እትዬ እታገኝ ቆሎ ይዛልን ትመጣና "እናንተ ሰዎች ዛሬም አንድ ክንፍ ላይ ናችሁ?" ትላለች። አባባ ለይስሙላ አይሠሩም፤ ቀለሙ ልክ ካልሆነ በጨርቅ ይጠርጉታል። አንድ ቀን የአንዲት ወፍ ጅራት ሦስት ጊዜ ጠርገው ሲያበቁ፣ "ያ ሰውዬ ቢያይ ያፍርብኛል" አሉ። የማያውቁትን ሰው፣ ምናልባትም ከሞተ የቆየን ሰው ያፍሩታል። እኔ እስከዛሬ ከሰው ሁሉ እሳቸውን የማደንቀው በዚህ ነው።

ስማቸውን ስለማናውቅ ለወፎቹ ስም አወጣን። ቀይ ደረቷ "እመቤት" ናት። ጭራዋን ወደ ላይ ቀጥ ያደረገችው ትንሽዋ "ቁጡ" ናት፤ አንቺን ትመስላለች አሉኝ አባባ። ከላይ ጥቁር ከሥር ነጭ ለብሳ፣ ደረቷን ነፍታ የቆመችውን ደግሞ እኔ "ቄሰ ገበዝ" አልኳት። ቄሰ ገበዝ ይሁኔ የቤተ ክርስቲያናችንን ንብረት የሚጠብቁ፣ ጥቁር ካባ የሚደርቡ፣ ደረታቸውን ቀድመው የሚሄዱ ካህን ነበሩ። አባባ "ነውር ነው" አሉኝ፤ በማግስቱ ግን "እስኪ ያቺን ቄሰ ገበዝን አቀብዪኝ" ሲሉ ያዝኳቸው።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ፍርሃት ያዘኝ። በኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደኛ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥእ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሰይጣን አንድ ዓይን ነው፤ ይሁዳም ሄሮድስም እንደዚያው። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው አባባ ናቸው። ታዲያ የሲጋራ ወፎቹ ሁሉ ጎናቸውን ሰጥተው በአንድ ዓይን የቆሙ ናቸው! ከትምባሆ ጋር ስለኖሩ ነው አልኩ። ቀጥሎ የአባባን ፊት አየሁ። የግራ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። እህ! እግዜር እሳቸውንም ቀስ በቀስ ባንድ ዓይን እየሣላቸው ነው። ቆርቆሮውን ስለያዙ ነው። ሲሞቱ በየትኛው ወገን እንደሚቆሙ ለእኔ ግልጽ ሆነ።

ምግብ አልበላ አለኝ። ጠዋት በርጩማዬ ላይ ሆኜ ካርዱን እያየሁ እንባዬ ይፈሳል። በመጨረሻ አባባ ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ "ምን ሆነሻል? ማን ነካሽ?" ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ሳቃቸውን ዋጡና፣ "ሂጂ፣ ያቺን ዶሮ ያዢልኝ" አሉ።

ዶሮዋን አሯሩጬ ይዤ መጣሁ።

"ጎኗን ወደኔ አድርገሽ ያዥያት። አንቺ ጋ ስንት ዓይን ይታይሻል?"

"አንድ።"

"አዙሪያት። አሁንስ?"

"አንድ።"

"ስንት ሆነ?"

"ሁለት።"

"እንግዲህ የወፏም ሌላው ዓይን በዚያ በኩል ነው። ወፍ እንደ ሰው ፊት ለፊት አይደለም ያላት። የኔ ደግሞ እርጅና ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። በኃጢአት ቢሆን ኖሮ በዚህ በአገራችን በጋይንት ውስጥ መንገድ የሚያይ ሰው አይገኝም ነበር" አሉ።

ዶሮዋ አመለጠችኝ። እኔም ያን ቀን ምሳዬን በላሁ።

ሥዕሉ ሊለጠፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካህናቱና ሽማግሌዎቹ እንዲያዩት በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ዘረጋነው። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰማዩ በወፍ ሞልቷል፤ ሁሉም ወደ መርከቡ መስኮት ይበርራሉ። ቄሰ ገበዝ ይሁኔ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞር ዞር ብለው አዩና ቀይ ደረቷ ጋ ቆሙ።

"አለቃ፣ ሥራው ድንቅ ነው። ግን ይቺ ወፍ የት አገር ናት? እኔ እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም።"

"የፈረንጅ አገር ናት።"

"ታዲያ እርስዎ የት አዩዋት?"

ሁሉም ወደ አባባ ዞረ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? እኔ በልቤ አባባ ዝም ይበሉ፣ ዝም ይበሉ እላለሁ። ቄሰ ገበዝም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በሕልሜ አየኋት ቢሉም ያው ነው። የቀደሙትም በራእይ እያዩ ሥለዋል። በዚህ ይለቅ" አሏቸው።

"በሕልሜ አላየኋትም" አሉ አባባ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። "ከሲጋራ ፓኮ ላይ ነው ያየኋት። እነዚህ ሁሉ ከዚያ ነው የተቀዱት። የተሳልኩት ለመልአኩ ነው፤ ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው አፌ አልደከመም፤ ለስለቴ ብዬ አልዋሽም።"

ጉባኤው ተንጫጫ። አንዳንዱ አማተበ። እልል ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቄሰ ገበዝ ፊታቸው ጠቆረ፤ "እንግዲህ ምን ላድርግ? ትምባሆ መቅደስ ግድግዳ ላይ እንድለጥፍ ነው? ደግሞ እዩዋቸው፣ ሁሉም በአንድ ዓይን ናቸው" አሉ። አባባ ቀስ ብለው አቡጀዲውን ከግርጌው መጠቅለል ጀመሩ። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ቀይ፣ ስለታቸውም ጭምር ተጠቅልሎ ጎተራ ሊገባ ነው።

"ቆይ" አሉ የኔታ።

የኔታ የቅኔ መምህሩ ናቸው፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ያጠፋባቸው፣ ግን ካህናቱ ሁሉ ከአፋቸው የሚጠብቁ ሽማግሌ። "ሁላችሁም አያችሁ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። ሳላይ ልፍረድ? እስኪ አንድ ሰው ያሳየኝ።"

አንዱ ዲያቆን "በጣም ያምራል፣ የኔታ" አለ።

"ማማሩንማ በእልልታው ሰምቻለሁ። ወፏን ንገረኝ።"

ዲያቆኑ ተንተባተበ። አባባ ቀና ብለው "ማንጠግቦሽ ትንገርዎት" አሉ። ያ የኔ ስም ነው። በሕዝብ መሐል ተገፍቼ የኔታ እግር ሥር ደረስኩ። ሥራዬን አውቀዋለሁ።

"አንዷ ደረቷ ቀይ ነው። የከረመ በርበሬ ውኃ የነካው ቀይ። ቀዩ እንደ አጥር አያልቅም፣ እንደ ጭቃ ነው የሚያልቀው። እግሯ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን ነው። አንዷ ደግሞ ጭራዋን ሽቅብ አድርጋለች፣ ቁጡ ናት። አንዷ ከላይ ጥቁር ከሥር ነጭ ነች፤ ደረቷን ነፍታ ቄሰ ገበዝን..." አልኩና አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ነው የጀመረው። የኔታ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቄሰ ገበዝ ሊቆጡ አስበው ካባቸውን ሲያስተካክሉ ደረታቸው ይበልጥ ተነፋ፤ ይሄኔ እሳቸውም አልቻሉም።

"ዓይናቸውን ይጠይቋት እንጂ!" አሉ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

"ዓይናቸው ስንት ነው ልጄ?" አሉ የኔታ።

"የሚታየው አንድ ነው። ሌላው በዚያ በኩል ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"በዶሮ።"

የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና፣ "ኖኅ ንጹሑንም ርኩሱንም አስገባ። ጅቡን አስገባ፣ እባቡን አስገባ። በር ላይ ቆሞ 'ከየት መጣህ፣ ከማን ጋር ዋልክ' ያለው የለም። ጢሱ የሰው ነው፤ ወፏ የእግዚአብሔር ናት። ኖኅ ያላባረረውን እኛ እናባርር እንዴ?" አሉ።

ከዚያ ወዲያ የተቃወመ የለም። ቄሰ ገበዝ ብቻ፣ ገበዝ ናቸውና፣ አንድ ነገር አስጨመሩ፦ ወፎቹ ይገባሉ፤ ቆርቆሮው ግን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አያልፍም፤ አለቃም ትምባሆ ቤታቸው ስላኖሩ ስግደት ይሰግዳሉ። አባባ "ይገባኛል" ብለው በደስታ ሰገዱ። ስግደት እንዲህ ደስ ብሎት የሚሰግድ ሰው አይቼ አላውቅም።

አሁን የቀረው የሥዕሉ ግርጌ ነበር። በኛ ልማድ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከታች ይሣላል። አባባ ለዚያ የተውት ቦታ ነበረ። እሱን ሲሠሩ ግን እኔንም እትዬ እታገኝንም አላስጠጉንም፤ "እዚህ ላይ የወፍ ዓይን አያስፈልገኝም" አሉ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሥዕሉ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መጋረጃው ሲነሣ እኔ በሴቶች እግር መሐል ተሽሎክሉኬ ከሁሉም ፊት ነበርኩ። ግርጌውን አየሁ። በግራ በኩል አባባ አሉ፤ ጎናቸውን ሰጥተው፣ በአንድ ዓይን። በቀኝ በኩል፣ ከሳቸው ፊት ለፊት፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ልትገናኝ የደረሰች፣ ጎንጉን የተሠራች ልጅ። እጇ ላይ ትንሽ ካርድ ይዛለች። እኔ ነኝ። ጎኔን ሰጥቼ። በአንድ ዓይን!

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኔን ረሳሁ። ጩኸቴን ለቀቅኩት። ያን ሁሉ ጠዋት በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ቆሎ እንኳ በቅጡ ሳልቆረጥም፣ ለዘላለም ከነይሁዳ ጋር! እናቴ ጎትታ አወጣችኝ። አባባ ዛፉ ሥር አገኙኝ።

"ኃጥእ አደረጉኝ!" አልኳቸው።

"ሌላው በዚያ በኩል ነው" አሉኝ እየሳቁ።

"እሱ ለወፍ ነው! እኔ ወፍ ነኝ?"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አይዞሽ" አሉና ከጋቢያቸው ሥር ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ዳቦውን በላሁ፤ ግን አኩርፌ ነው የበላሁት። ካርዱን የያዘችዋን ልጅ ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ስሳለም እንኳ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር።

እነሆ ባለፈው ጥር እትዬ እታገኝ ቆርቆሮውን ከፈተችና "ነይ፣ ሥዕሉን እንሳለም" አለችኝ። አብረን ሄድን። ቆርቆሮውን በር ላይ ድንጋይ ሥር አስቀመጥነው፤ ውሳኔው ዛሬም ውሳኔ ነው። ውስጥ ገብተን እኔ እንደ ልጅነቴ ወደ ግድግዳው ስጠጋ እጄን ያዘችኝ።

"አሁንም አፍንጫሽን ልትለጥፊበት ነው? ወደ ኋላ ሂጂ። እስከ በሩ ሂጂ።"

እስከ በሩ ሄድኩ። ወፎቹ አሉ። እመቤትም፣ ቁጡም፣ ቄሰ ገበዝም። ጢስና ጊዜ ትንሽ አደብዝዟቸዋል፤ የቀይ ደረቷ ቀይ ግን አሁንም ውኃ የነካው በርበሬ ነው። ከዚያ ዓይኔን ወደ ግርጌው ዝቅ አደረግኩ።

ሁለት ሰው የለም። ከሩቅ ሁለቱ ጎን ፊቶች ተጋጥመው አንድ ፊት ሆነዋል። ወደኛ የዞረ፣ ሁለት ዓይን ያለው፣ የጻድቅ ፊት። ቀኙ ዓይን የአባባ ነው፣ ደኅናው። በጠፋው በግራው ቦታ ያለው ዓይን የኔ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት እትዬ እታገኝን።

"ብዬሽ ነበር። አንቺ እያለቀስሽ ማንን ትሰሚያለሽ?" አለችና በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።